ማን ብዬ ልጠይቅ? የሊኑክስ መመሪያ የተጻፈው ለማን ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄ አለኝ። ትንሽ ምሬትም አለበት፤ ታገሱኝ።

ላፕቶፔ ዕድሜው ገፍቷል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሲያበቃ ወደ 11 ልሸጋገር አልኩ። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ የለውምና አልሆነም። አዲስ የመግዛት አቅሙ ደግሞ የለኝም። አንድ ጓደኛዬ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ በፍላሽ ሰጠኝና ጫንኩት። መጫኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልወሰደም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋይፋይ የለም። በስልኬ መፍትሔ ስፈልግ ያገኘሁት መመሪያ ድራይቨሩን (የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከኢንተርኔት አውርድ ይላል። በምን? ኢንተርኔት ያጣሁት እኮ ድራይቨሩ ስለሌለ ነው። ሌላ መመሪያ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈትና ይህን ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። ኪቦርዱ ሞተ ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሦስተኛው መመሪያ ግራ ከገባህ ማን የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀም ይላል፤ ማኑዋል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው፣ የመመሪያ ገጽ ይከፍታል። ማን ብዬ ጻፍኩ። የትኛውን ገጽ ነው የምትፈልገው ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

መመሪያ አልጠፋም፤ ሞልቷል። ግን ዛሬ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ገጽ የትኛው ነው?

(ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ተከታትሎ የመጣው መልስ፣ ስለረዘመ ዘግይተው ለሚመጡ ብዬ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል አሳጥሬያቸዋለሁ። ትእዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኩት እንዲነበቡ ነው፤ ተርሚናል ላይ እንዲገለበጡ አይደለም።)

መልስ 1። የጀመረው ጨዋ ሰው ነው። የስርጭቱን (ሊኑክስ እንደ ኡቡንቱና ሚንት በተለያየ ስም ተሰናድቶ ነው የሚወጣው) ስምና ቁጥር፣ የዋይፋይ ካርዱንም ዓይነት ጠየቀኝ። ካርዱን የሚያሳየውን ኤልኤስፒሲአይ የሚባል ትእዛዝም ሰጠኝ። የወጣውን ጽሑፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ።

መልስ 2 ፎቶውን አልወደደውም። ጽሑፍ በጽሑፍ እንጂ በፎቶ እንደማይለጠፍ፣ ፎቶ ውስጥ ያለ ነገር ነገ ሌላ ሰው ሲፈልገው እንደማይገኝ ገሠጸኝ። እውነቱን ነው፤ ግን አኮረፍኩ።

መልስ 3። ከጅማ የምትጽፍ ቴክኒሻን ደረሰችልኝ። መጀመሪያ ለመልስ 2 መለሰችለት። ኢንተርኔት ከሌለው ማሽን ላይ ጽሑፉን በምን ተሸክሞ እንዲያመጣው እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን፣ የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያካፍለውን፣ እንዳበራ ነገረችኝ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ ስለሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድራይቨር አይጠይቅም። በዳታ ፓኬጄ አወረድኩ። ዋይፋዩ መጣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የጻፈችው። ካነበብኳቸው መመሪያዎች አንዱም እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አልያዘም።

መልስ 4። ነገሩ እዚህ ላይ ከረረ። ሰውየው እንጀራው ሰርቨር ማስተዳደር ነው። ሁሉም ነገር ተጽፎ እያለ ሰው ማንበብ እንደሚሰንፍ ጻፈ። ሊኑክስ አርአያ ያደረገው የዩኒክስ ሲስተም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ እንዳለ፣ እሱም ማንም ሳያሳየው አንብቦ እንደተማረ ነገረን። ጀማሪን የሚያባብልበት ጊዜ እንደሌለውም ጨመረ። ጊዜ የሌለው ሰው በዚህ ክር ላይ ከሁላችንም በላይ ጽፏል።

መልስ 5 ታሪኩን አሟላለት። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። የዩኒክስ ፈጣሪዎች ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሆነው ያዘጋጁት ነው። ይህን ያነሳው ግን መልስ 4ን ለመደገፍ አልነበረም። በዚያ መመሪያ ገጾች ላይ ባለቤት የሚል ክፍል ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ማን እንደሆነ እዚያ ይሰፍራል። ግራ የገባው ባልደረባ ኮሪደሩን አቋርጦ በሩን ማንኳኳት ይችላል ማለት ነው። መመሪያው ያለ ሰው ብቻውን የቆመበት ጊዜ አልነበረም፤ ብቻውን የቀረው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው ብሎ ደመደመ። ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት መልስ ይህ ነው።

መልስ 6 በዚያው ቀጠለ። የማን ገጾች እንደ መዝገበ ቃላት መሆናቸውን አስረዳ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋቸዋል፤ ቃሉን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይገልጣቸዋል? በቅንፍ ስለሚጻፈው ቁጥርም ነገረን። የይለፍ ቃል የሚቀይረው ትእዛዝና የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበት ፋይል ስማቸው አንድ ነው። 1 ከተጻፈበት ትእዛዙ ነው፣ 5 ከተጻፈበት ፋይሉ። 8 ደግሞ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። እኔ ቁጥሩን የእትም ቁጥር ነበር የመሰለኝ። ከማን ገጽ ለመውጣት ኪው የምትለውን ፊደል መጫን እንደሚበቃም የነገረኝ እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ መስኮቱን በሙሉ ነበር የምዘጋው።

መልስ 7። አንዱ ውሸቴን ነው አለ። እሱ ጋ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ኮከቦች ይታያሉ፤ ስለዚህ ወይ አላየሁም ወይ አጋንኛለሁ። መልስ 8 ሁለታችንንም አስታረቀን። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውና የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው ሱዶ የተባለው ትእዛዝ እንደ ቆየው ልማዱ ምንም አያሳይም፤ ርዝመቱ እንኳ ለጎረቤት ዓይን እንዳይታይ ነው። ሊኑክስ ሚንት ግን ኮከብ የሚያሳየውን ማስተካከያ ከመነሻው አብርቶ ነው የሚመጣው። ሰውየው ሚንት ተጠቃሚ ነው፤ የእኔ ደግሞ ሚንት አይደለም። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ትክክለኛ መልስ። ጀማሪ ይህን በምን ያውቃል?

መልስ 9። አንድ ጋሼ ገቡ። የኡቡንቱ አዘጋጅ ድርጅት ካኖኒካል የኡቡንቱን ሲዲ በነጻ በፖስታ የሚልክበትን ዘመን አስታወሱን። ሺፒት ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀረ። በመሥሪያ ቤታቸው ፖስታ ሳጥን ቁጥር እያዘዙ ለሠፈሩ ልጆች ያድሉት ነበር። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ስለዚህ መመሪያቸው ዲስኩ ላይ አብሮ የመጣው የእገዛ ጽሑፍ ብቻ ነው። አሳትመው በስፓይራል አስጠርዘውት እንደነበርና እስካሁን መሳቢያቸው ውስጥ እንዳለ ጻፉ። አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለነበር የትኛውን ላንብብ የሚል ጥያቄ አልነበረባቸውም።

10 እና 11 የትዝታ ናቸው። ስለዚያ ቡናማ ስክሪንና ኮምፒውተሩ ሲከፈት ስለሚሰማው ድምፅ አወሩ። ልዝለላቸው።

መልስ 12። አንድ ሶፍትዌር ሠሪ ዳኒዬሌ ፕሮቺዳ የሚባል ሰው ያዘጋጀውን ዲያታክሲስ የተባለ አከፋፈል ይዞ መጣ። ካኖኒካልም ሰነዶቹን በዚሁ ያደራጃል። ጽሑፍ አራት ዓይነት ነው፤ ትምህርት፣ አሠራር፣ ማጣቀሻ፣ ማብራሪያ። ሰውየው በእንጀራ አስረዳን። ትምህርት ማለት እናትህ ምጣዱ ዳር ቆማ ስታጋግርህ ነው። አሠራር ማለት መጋገር ለምታውቅ ሴት ሊጡ ሲቀጥንባት ምን እንደምታደርግ መንገር ነው። ማጣቀሻ ለስንት ኪሎ ጤፍ ስንት ውሃ እንደሚገባ ነው። ማብራሪያ ደግሞ አብሲቱ ሊጡን እንዴት እንደሚያቦካው ነው። የእኔ ችግር ትምህርት ስፈልግ ማጣቀሻ መሰጠቴ እንደሆነ ነገረኝ።

መልስ 13 ኢትዮጵያዊ ስለ ኮምፒውተር ሲጽፍ ያለ እንጀራ አያልፍለትም ወይ ብሎ ተሳለቀ።

መልስ 14 ግን የባሰ ነው። አንዲት እናት ይመስሉኛል። ሊጡን የሚያቦካው እርሾ መሆኑን አስተማሩን። አብሲት ሊጡ ከቦካ በኋላ ከራሱ ተቀንሶ፣ ፈልቶ የሚመለሰው ነው፤ እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ። ሰውየው ምጣድ ፊት ቆሞ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ እናንተ የምታማርሩት ያልጋገረ ሰው የሚጽፈውን መመሪያ አይደለም ወይ ብለው ተሰናበቱ። መልስ 12 ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አርሞታል።

መልስ 15 ስለ ቀን ነው። ብዙ መመሪያ መቼ እንደተጻፈ አይናገርም። የኔትወርክ አድራሻ ለማየት ኢፍኮንፊግ ጻፍ የሚል ገጽ ዛሬም ፍለጋ ላይ ከፊት ይመጣል። ያ ትእዛዝ ያለበት ፓኬጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ደቢያን 9 ከተባለው ስርጭት ጀምሮ አብሮ አይጫንም። አሁን የሚሠራው አይፒ የሚለው አጭሩ ነው። ጀማሪው ትእዛዙ አልተገኘም ሲባል ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስሞቹም ያደናግራሉ። ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው። ስለዚህ ለኡቡንቱ 24.04 የተጻፈ አብዛኛው ነገር ለሚንት 22 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሚንት 24 የሚባል ሲፈልግ ይውላል።

መልስ 16። የካምፓስ ተማሪ ነው፤ ቁስሉ ትኩስ ነው። የላብ ወረቀታቸው ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፓኬጅ ፒፕ በሚባለው መጫኛ ጫኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ግን በዚያ መንገድ እንዲጫን አይፈቅድም፤ ለብቻው የተከለለ ቦታ ፍጠር ይላል። መልእክቱ ረጅም ስለሆነ ማንም አላነበበውም። አንድ ጓደኛው እገዳውን የሚያስነሳ ቃል አገኘና ሁሉም ገለበጠው። የቃሉ ትርጉም የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር ማለት ነው። ስሙ እየነገራቸው! ተማሪው በፈተናው ዋዜማ ሲስተሙን እንደገና ጫነ።

መልስ 17 ላይ የሰርቨሩ ሰው ተመልሶ መጣ። ይሄው፣ መልእክቱን ማን አነበበ ብሎ ተማሪውን አሳረፈው። የሆነውስ ሆነና፣ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

መልስ 18። ለምን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንጠይቅም የሚል መጣ፤ ሁሉንም በአማርኛ ያስረዳዋል። 19 ቀዝቀዝ ብሎ መለሰለት። ያ ነገር የተማረው ከእነዚያው ቀን ከሌላቸው ገጾች ስለሆነ ኢፍኮንፊግን በሙሉ ልብ ያዝልሃል፤ ስርጭትህንና ቁጥርህን ካልነገርከው ደግሞ ይገምታል። ቁጥር መንገር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ጀማሪ መሆኑ አብቅቷል አለ።

መልስ 20 አርች ዊኪን፣ አርች የተባለውን ስርጭት የመመሪያ ድረ ገጽ፣ አወደሰ። የሌላ ስርጭት ተጠቃሚ ሁሉ ተደብቆ የሚያነበው እሱን ነው። ልክ ነው፤ ግን የተጻፈው እጁን ለማቆሸሽ ለማይፈራ ሰው ነው። በዚያው ላይ ጄንቱ የተባለው ስርጭት ተጠቃሚዎች በራሳቸው ጊዜ ያቋቋሙት ዊኪ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳታው እንደጠፋ አስታወሰና ኮፒ እንድንይዝ መከረ። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም አርች ዊኪን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ተራ በተራ ለሚጠፋበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ካለ መመሪያው አለ።

መልስ 21። ከሜሪላንድ የምትጽፍ እህት መመሪያው በአማርኛ ይሁን፣ እኔ እተረጉማለሁ አለች። ናሙናም አስቀመጠች። ፎልደርን አቃፊ አለችው። ከ22 እስከ 24 ያለው በዚህች ቃል ላይ የተደረገ ጦርነት ነው። አንዱ በሕይወቱ አቃፊ የሚል ሰው ሰምቶ እንደማያውቅ ማለ። ሌላው ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው በየቀኑ እንደሚያያት ተናገረ። የሰርቨሩ ሰው ደግሞ ሜኑው በእንግሊዝኛ ሆኖ መመሪያው አቃፊ ካለ ጀማሪው አቃፊ የተጻፈበትን ሲፈልግ እንደሚያድር ጻፈ። እህታችን ተቀየመች። ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን እንደምትጽፍ ተስማማች፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንዳለ፣ አማርኛው ከጎኑ።

መልስ 25 ከዚህ ጠብ ውስጥ ጠቃሚ ነገር አወጣ። ሲስተምህን በአማርኛ ካደረግኸው የስሕተት መልእክቱም ሊተረጎም ይችላል፤ በአማርኛ ብትፈልገው ደግሞ መፍትሔ አታገኝም። ከትእዛዙ ፊት ኤልሲ ኦል እኩል ሲ ብሎ መጨመር መልእክቱን ለዚያች ቅጽበት ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። በአማርኛ ለመጻፍም አይባስ ከሚባለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ጋር ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪ ጭኖ ሴራ የሚለውን መምረጥ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ተንኮል የለበትም፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ስትጽፍ ወደ ግዕዝ ይቀይርልሃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትተኸው ስክሪኑ ከተቆለፈ የይለፍ ቃልህ ስሕተት ነው ልትባል ትችላለህ።

መልስ 26 ከርእስ ወጣ። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላፕቶፕ ላይ አሉት። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። 27 ምክንያቱን ነገረው። ሊኑክስ የማሽኑን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ ግን የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ሊኑክሱን የአገር ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ይበቃል። ባለቤቱ አመስግኖ፣ የእኛ አቆጣጠር በስድስት፣ ዊንዶውስ በሦስት ሲያዛንፉበት ቀጠሮ በፀሐይ ማየት ጀምሮ እንደነበር ቀለደ።

መልስ 28። የሰርቨሩ ሰው ነው። ሁላችሁም ሌላ ሰው እንዲጽፍ ነው የምትጠብቁት አለ። ከዚያ በስሜ ጠርቶ፣ ካማረርክ ጻፈው፤ ሦስት ሳምንት ሆኖሃል፣ የተደናቀፍክበትን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታስታውሳለህ አለኝ። እሱ መጀመሪያ የተደናቀፈበትን ከረሳ ሃያ ዓመቱ ነው። ስድብ ይሁን ምርቃት አልገባኝም። ለማንኛውም ጻፍኩት።

መልስ 29 የእኔ ነው። አንድ ገጽ፣ ከፊትና ከኋላ፣ እንዲታተም አድርጌ አዘጋጀሁት። ከላይ ቀኑና የስርጭቱ ቁጥር አለ። መጀመሪያ የስልክ ገመድ፤ ዋይፋዩ ባይኖርም እንዲሠራ። ቀጥሎ ተርሚናል ምን እንደሚመስልና የት እንዳለ። ተርሚናል ውስጥ ኮንትሮልና ቪ እንደማይለጥፍ፣ ሺፍት መጨመር እንዳለበት። ከማን ገጽ መውጫ። ቀን የሌለውን ገጽ አለማመን። ሴራ። የሰዓቱን ነገር። ጥያቄ ሲጠየቅ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት።

30 እና 31 አረሙኝ። አንድ ትእዛዝ ላይ ክፍተት አብዝቼ ነበር። አንዱን ማስተካከያ ደግሞ እኔ የሌለኝን ስርጭት ሜኑ እያየሁ ነው የጻፍኩት። የጅማዋ ቴክኒሻን የገመዱ ክፍል ላይ የዳታ ፓኬጅ እንደሚበላ ይጻፍበት አለች። ጻፍኩበት።

መልስ 32። ከአዳማ አንዲት አስተማሪ ገጹን አትማ ለሦስት ተማሪዎቿ ሰጥታ፣ ምንም ሳትናገር ከኋላቸው ቆማ አየቻቸው። የስልኩ ገመድ ሠራ። ተርሚናሉን አገኙ። ሁለቱ ሺፍቱንም አልረሱም። ከዚያ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ ጻፉ፤ ምንም አልታየም። አንደኛው ኪቦርዱ እንደተበላሸ ነግሯት ማሽኑን አጠፋው።

ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የለም። ይህን ክር የከፈትኩበትን ነገር አልጻፍኩትም።

መልስ 33 የእኔ ነው። ጨምሬዋለሁ፤ ከገመዱ ቀጥሎ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ቀኑንም ቀይሬዋለሁ። አሮጌውን ያተማችሁ ጣሉት።